ለእህቴ አንድ ስንዝር

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የእኔ እህት ግን ረጅሙ አንገቷ ብቻ አልነበረም፤ ቁመቷም ሁልጊዜ ከእኔ በአንድ ስንዝር ይበልጥ ነበር። ይህን የማውቀው በልኬት ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ገብሱን ማስፈራራት ሲጀምር፣ እናቴ መሀል ቤት ካለው ምሰሶ ታስደግፈኝና በሣር ገመድ ትለካኝ ነበር። ገመዱን ከተረከዜ እስከ አናቴ ስባ ትቋጥረዋለች። ከዚያ ከቋጠሮው በላይ መዳፏን ዘርግታ አንድ ስንዝር ትጨምርና ሌላ ቋጠሮ ታበጃለች። የመጀመሪያው ቋጠሮ የእኔ ነው፤ ምንም አይሠራበትም። ሁለተኛው የእህቴ ነው፤ በእሱ ልክ አዲስ ባና፣ የሚደረብ የበግ ጠጉር ልብስ፣ ይሠራል።

«አትንጠራሪ» ትለኛለች እናቴ።

እኔ ግን እንጠራራለሁ። አንድ ቀን እንኳ ብደርስባት ብዬ ነው። እኔ ባደግሁ ቁጥር እሷም ታድጋለች፤ እኔ ጫማ ሲጠበኝ የእሷ ባና ይረዝማል። በሕይወት ካለ ሰው ጋር መፎካከር ይቻላል፤ ይወድቃል፣ ይታመማል፣ ይሰንፋል። ከሞተ ሰው ጋር መፎካከር ግን መከራ ነው። እኔ የምለብሰው የአባቴን አሮጌ ባና ነበር፤ መሀሉ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። የሞተችው እህቴ ግን በየዓመቱ አዲስ ታወጣለች። ይህን ነገር በልጅነቴ እንደ ግፍ አየው ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

እህቴን አላየኋትም። የሞተችው እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ክረምት ነው። አገሩ ሁሉ ማን ሄደ ማን መጣ ሲል፣ የእኛ ቤት ሌላ ወሬ አያውቅም ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እህቴ ሰማንያዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ትኩሳት ያዛት። በጭንቅ ጊዜ ቀኑ ሳይሞላም ማጥመቅ ይቻላልና፣ አባቴ በዝናብ ሮጦ ለነፍስ አባታችን ነገራቸው። እሳቸውም ውኃውን ባርከው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠበቁ። እናቴ ልጇን አዝላ፣ በላይዋ ባና ደርባ፣ ጭቃውን እየቧጠጠች ዳገቱን ወጣች። ደርሳ ከጀርባዋ ስታወርዳት ልጅቱ አትተነፍስም ነበር።

እናቴ ይህን ስትናገር ድምፅዋ አይለወጥም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ነው የምትመስለው።

«‹ያጥምቁልኝ› አልኳቸው። ‹ገና ሙቅ ናት፣ ይዳስሷት› አልኳቸው። ዳሰሷት። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡና ‹ልጄ፣ ለሞተ ጥምቀት የለም› አሉኝ።»

ያልተጠመቀ ልጅ ቅጽር ውስጥ አይቀበርምና፣ እህቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ጽድ ሥር ተቀበረች። የክርስትና ስም ስላልወጣላት በጸሎት የምትጠራበትም አልነበራትም። የተባረከው ውኃ የት እንደፈሰሰ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ስለ ብርዱ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ የእናቴ ነገር አይገባም። መንዝ ላይ በእሳት ሰው ማስፈራራት ከባድ ነው። ጥር ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የነፍስ አባታችን ቆመው ስለ ገሃነም እሳት ያስተምራሉ። ሕዝቡ ባናውንና በርኖሱን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እግሩን እያፈራረቀ ያዳምጣል። በአፉ «ከዚያ ያውጣን» ይላል። በልቡ ግን አንዳንዱ ጠጋ ብሎ እጁን የሚያሞቅ ይመስለኝ ነበር። የእኛ ሰው የሚፈራው ሲኦል ውርጭ ነው። ፀሐይ የማትወጣበት፣ ነፋሱ የማያርፍበት፣ መደገፊያ ድንጋይ እንኳ የሌለበት ሜዳ።

የዚህ ሜዳ ዋና ሊቅ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ስለ ወዲያኛው ዓለም የማታውቀው ጓዳ አልነበረም። ነፍስ የት እንደምታርፍ፣ ወንዙን በምን እንደምትሻገር፣ ሙታን በየትኛው በዓል ወደ ቤታቸው እንደሚያዩ ታውቃለች። ያልተጠመቁ ሕፃናት እዚያ ውርጭ ላይ ቆመው ነው የሚኖሩት ትላለች፤ ብርሃኑን ከሩቅ ያያሉ፣ አይገቡም። ደግሞ እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋሉ። ሕያው ሰው በስማቸው ለድሃ የሚያለብሰው ልብስ በዚያው ቀን ይደርሳቸዋል። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታችን በውጭ ስላለው ጨለማ፣ ስለ ልቅሶና ጥርስ ማፋጨት ሲያነቡ፣ አክስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ጥርሱን የሚያፋጨው የሞቀው ነው የበረደው?» አለችኝ። እኔንም በቅዳሴ መሀል ሳቅ አፈነኝ።

ቄሱ ደግሞ በመጽሐፉ ያለውን ይናገራሉ። በወዲያኛው ዓለም ታላቅ ገደል ተደርጓል፤ ከዚህ ወደዚያ የሚያልፍ የለም። ድሃው በአብርሃም እቅፍ ሆኖ ባለጠጋው ጠብታ ውኃ ለምኖ አላገኘም። ውኃ ካላለፈ ባና እንዴት ያልፋል? ምጽዋት ግን ምጽዋት ነው፣ ስጡ ይላሉ፤ ለሰጪው ይጠቅመዋል። አክስቴ ይህን ሰምታ ራሷን ትነቀንቃለች። «እሳቸው ገደሉን ያውቃሉ፤ መሻገሪያውን አያውቁም» ትላለች። ሁለቱ አንድም ቀን ፊት ለፊት ተከራክረው አያውቁም። የተከራከሩት በእናቴ ልብ ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያው ባና በሕልም መጣ። እህቴ በሞተች በዓመቱ እናቴ አየቻት፤ ራቁቷን ሆና ከንፈሯ ጠቁሯል። «በርዶኛል» ብላ ሳይሆን ዝም ብላ ነው አሉ ያየቻት። እናቴ በማግስቱ የበግ ጠጉር አጥባ፣ አስነድፋ፣ መፍተል ጀመረች። ባናውን ሸማኔው ሠርቶ፣ በሙቅ ውኃ ረግጦ ሲያስረክባት ለአንዲት ድሃ ጎረቤት አራስ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሕልሙ ተዋት፤ እኔም ተወለድኩ። ቆሜ መሄድ ስጀምር ግን እህቴ ተመልሳ መጣች። በሕልሙ ባናውን ለብሳዋለች። እግሯ ግን ከታች ወጥቶ፣ እስከ ጉልበቷ ለውርጩ ተጋልጦ ነበር።

«አድጋለች» አለች እናቴ ጠዋት፣ ለአባቴ። አባቴን በጓዳ በኩል ዞሮ ሲያለቅስ አየሁት ብላ የነገረችኝ አክስቴ ናት።

እንግዲህ ልኬቱ የተጀመረው ያኔ ነው። የሞተን ልጅ የት አግኝቶ መለካት ይቻላል? ያለችው እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ትበልጥሻለችና አንድ ስንዝር። ባናው ሲያልቅ በእህቴ ዕድሜ ያለች የድሃ ልጅ ትፈለግና ኅዳር ላይ፣ በበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከጽዱ ሥር ትለብሳለች። ልጅቱ እንድትዞር ይደረጋል። እናቴ ከኋላ ታያታለች፣ ረጅም ጊዜ። ፊቷን ማየት አትፈልግም፤ ፊቷን ካየች የሌላ ሰው ልጅ መሆኗን ታውቃለች። እኔ ከአጠገቧ ቆሜ በአባቴ አሮጌ ባና ቀዳዳ ጣቴን አስገባለሁ።

የጓሳ ሣር እንዲታጨድ ሽማግሌዎች ሜዳውን በከፈቱበት ዓመት አባቴ በበቅሎ አፈናጦ ወደዚያ ወሰደኝ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጓሳ ዝግ ሆኖ ዓመታት ይቆያል፤ ሲከፈት አገሩ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ጠዋት ጉሙ ወርዶ ነበር። የበጎች ድምፅ ይሰማል፣ በጎቹ አይታዩም። የሰዎች ሳል ይሰማል፣ ሰዎቹ የሉም። አባቴ «እዚሁ ተቀመጪ» ብሎኝ ሁለት እርምጃ ሄደና ጠፋ፤ የማጭዱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጉሙ ትንሽ ሲሳሳ ከፊቴ አንዲት ልጅ ቆማለች። ከእኔ አንድ ስንዝር ትበልጣለች። ጸጉሯ ጨብረር ያለ ነው፤ ወገቧ ላይ ደረቅ ነገር እንደ አሮጌ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። አትንቀሳቀስም። ከኋላዋ ሌላ አለች፣ ከዚያም ሌላ፤ ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ዝም ብለው ቆመዋል።

አልፈራሁም። የተናደድኩ ይመስለኛል።

«በየዓመቱ የሚሠራልሽን ለምን አትለብሽውም?» አልኳት። «እኔ ይኸው ይበርደኛል።»

ጉሙ በመሀላችን አለፈ። ያን ጊዜ አዘንኩላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አሮጌውን ባና አውልቄ አለበስኳት። ለካስ ጅብራ ናት፤ ደጋ ላይ እንደ ሰው ተገትሮ የሚበቅለው ተክል። ሰው «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። አባቴ ሣሩን ተሸክሞ ሲመለስ እኔ በስስ ቀሚስ ስንቀጠቀጥ፣ ጅብራዋ ባና ለብሳ አገኘን። አልተቆጣም። ባናውን አንሥቶ አለበሰኝና በዚያ ጉም ውስጥ የተደባለቁ በጎች ሲለዩ እንዳይ ወሰደኝ። የእኛ በጎች የግራ ጆሯቸው ጫፍ ይቆረጣል። ጉሙ ቢወፍርም በእጅ ዳስሶ ይታወቃል። ያን ቀን ያየሁት ሁሉ ሕልም ይሁን እውነት ዛሬ መለየት ያቅተኛል፤ የዳሰስኩት ጆሮ ግን በእጄ ላይ አለ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የነፍስ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው ሲቀመጡ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን፣ ሁለት ቋጠሮ ያለውን ገመድ አዩ።

«ይህ ደግሞ የምን ገመድ ነው?» አሉ።

«የእህቴ ቁመት ነው!» አልኩ ከሁሉም ቀድሜ። እናቴን ለማሳጣት እንደሆነ ልቤ ያውቃል።

እናቴ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሕልሙን፣ እግሯን፣ ስንዝሩን። እንደሚቆጧት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የሞተ ልጅ አያድግም፣ ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እዚያ ክረምት የለ፣ በጋ የለ። በመጨረሻው ቀን ግን ሁሉም ይነሣል። ያኔ ሕፃን የለም፣ ሽማግሌም የለም። ወንዱ እንደ አዳም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ሴቷ እንደ ሔዋን የአሥራ አምስት ዓመት ቆንጆ ሆነው ይነሣሉ። አበው ያስተማሩን እንዲህ ነው።»

«ልጄም ትነሣለች?»

«ትነሣለች። ፍርዱ የእሱ ነው፤ መነሣቱ ግን ለሁሉም ነው።»

የእናቴ ፊት ሲበራ አየሁት። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም ነበር።

«እኔስ፣ አባ?»

«አንቺም አሥራ አምስት!» አሉ፤ ማጽናናታቸው ነው። «ጥርስሽ ሞልቶ፣ ወገብሽ ቀንቶ።»

እናቴ አሰበች። ፊቷ ሲመለስ፣ ደመና ሜዳ ላይ ሲመጣ እንደሚታየው፣ ከዳር ጀምሮ ሲጨልም አየሁ።

«አሥራ አምስት ሳለሁማ ገና አልወለድኋት» አለች። «ሳልወልዳት የነበረውን መልኬን የት ታውቀዋለች? እኔም አሥራ አምስት፣ እሷም አሥራ አምስት። ማን ማንን ያዝላል?»

«እዚያ መውለድ መዋለድ የለም፤ እንደ መላእክት መሆን ነው።»

«መላእክት እናት የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ያሳዝናሉ» አለች እናቴ።

ቄሱ ተነሥተው በትራቸውን ፈለጉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ መልስ ያጡ መሰለኝ። መልስ ሳይሆን ሌላ ነገር ይዟቸው እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ብርዱ በባና ይመለስ ነበር፤ መተዋወቁ ግን በምን ይሆናል? ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከአዳም ጀምሮ የሞተ ሴት ሁሉ፣ በአንድ ሜዳ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ሲቆም፣ እሷ በየትኛዋ ልጅ አንገት ላይ ትጠመጠማለች? ገብስ ስታሽ ታስባለች፣ ስትፈትል ታስባለች። እንዝርቷ ቆሞ እጇ በአየር ላይ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። መፍትሔው ከአባቴ አፍ ወጣ፣ ሳያስበው። አንድ ምሽት በጎቹን አስገብቶ ከጎረቤት በግ ጋር ተደባልቀውበት እንደነበር ሲያወራ፣ እናቴ ድንገት ቀና አለች።

«በምን ለየሃቸው?»

«በምልክታቸው ነዋ!» አላት፣ ጤንነቷን እየተጠራጠረ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ለልቅሶ ወደ ዘመሮ ስትሄድ ከገበያ ቀይ ክር እንድታመጣ ታዘዘች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የእህቴ ባና ሁሉ በአንድ ጥጉ ቀይ ክር ገባበት። ከክሩ የተረፈውን እናቴ በቀጭን እንጨት ጠምጥማ ከጣራው ሣር ሥር ሰካችው።

«ይህ የእኔ ነው» አለችኝ። «የምሄድ ዕለት እጄ ላይ ታስሪልኛለሽ። ሌላ ሰው አይደለም፣ አንቺ።»

ይህን አደራ በመቀበሌ ደስ አለኝ ብል አይዋጥልኝም። የሁለቱን መገናኘት የማመቻቸው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ክር የሚያስር ማን ነው? ብዬ አኮረፍኩ። ግን ቦታውን በዓይኔ ያዝኩት።

እህቴ አሥራ አምስት ሊሆናት የሚገባበት ዓመት መጣ። እናቴ እንደ ልማዷ ለካችኝ፣ ስንዝሯን ጨመረች፣ ባናው ተሠራ፣ አንዲት ልጅ ከጽዱ ሥር ለብሳ ዞረች። በሚቀጥለው ጥቅምት ግን እናቴ ገመዱን ይዛ ቆመች። ቄሱ በትንሣኤ አሥራ አምስት ነው ያሉትን እሷ በራሷ መንገድ ተርጉማው ነበር፤ እንግዲህ ልጄ ቁመቷን ጨርሳለች፣ ከዚህ በላይ አታድግም ማለት ነው። ይህ የመጽሐፉም የአክስቴም አይደለም። ከሁለቱ ፈትላ እሷ የሠራችው ነው። አዲስ ልኬት አልለካችም። ያለፈውን ገመድ ምሰሶው ላይ ትታ በዚያ ዓመት ባና አላሠራችም።

አክስቴ እዬዬ አለች። «ውርጭ ላይ ልትተያት ነው? አሮጌ ልብስ ስንት ክረምት ይችላል?» አለቻት።

እናቴ በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የራሷን ባና ለአባቴ ደርባ እሷ በነጠላ ተኛች። አባቴ ቢቆጣ፣ እኔ ባለቅስ አልሰማችም። «ቄሱ እውነት ከሆኑ ለእሷም አይበርዳትም፣ እኔንም አይጎዳኝም። አክስትሽ እውነት ከሆነች ደግሞ አብረን ይብረደን» አለችኝ። በሁለቱም ታምን ነበር፣ በአንድ ልብ። ዛሬ ሰዎች የትኛው ትክክል ነው ብለው ሲከራከሩ ስሰማ እናቴ በነጠላ ተጠቅልላ የምትንቀጠቀጠው ናት ፊቴ የምትመጣው፤ ክርክሩም ያስጠላኛል።

እኔ ግን እያደግሁ ነበር። በየጊዜው፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ምሰሶውን እየተደገፍኩ ከላይኛው ቋጠሮ ጋር እተያያለሁ። እህቴ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ወደ እሷ እወጣለሁ። አሥራ አምስት በሞላኝ ጥቅምት እናቴ ጠራችኝና አስደገፈችኝ። መዳፏን በአናቴ ላይ ጋደም አድርጋ ወደ ምሰሶው ገፋችው። መዳፏ ቋጠሮው ላይ አረፈ። አልተንጠራራሁም።

እናቴ በማግስቱ ጠጉር ማጠብ ጀመረች።

ባናው ሲያልቅ የድሃ ልጅ አልተፈለገችም። እናቴ እኔን ይዛ ከጽዱ ሥር ወሰደችኝና አለበሰችኝ። አዲስ ባና ይከብዳል፤ የበግ፣ የሙቅ ውኃና የጢስ ጠረን አለው። ጥጉ ላይ ቀዩ ክር ነበር። «ዙሪ» አለችኝ፤ ዞርኩ። ከፊቴ ጽዱ፣ ከጽዱ ባሻገር ሜዳው፣ ሜዳው ላይ ጉም። ከኋላዬ እናቴ ታየኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ በጀርባዬ ተወድጄ አላውቅም።

«ልጄ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ማንን እንደጠራች አላወቅሁም። ስም የሌላትን ለመጥራት ከዚህ ሌላ ቃል አልነበራትም። ዝም ልበል፣ ልመልስ፣ ተቸገርኩ። ከዚያ አላስቻለኝም።

«አቤት» አልኩ።

«አንቺም ነሽ» አለችኝ።

እናቴ የሞተችው ዓመታት አልፈው፣ እኔ ደብረ ብርሃን ስማር ነው። እንደታመመች ብቻ ተነገረኝ፤ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተንገላትቼ ስደርስ ለቅሶው ከሩቅ ተሰማኝ። ሴቶቹ አጥበዋታል። አውራ ጣቶቿን በነጭ ክር አስረው መግነዙን ሊጠቀልሉ ሲሉ ደረስኩ። ከጣራው ሣር ሥር እጄን ሰድጄ እንጨቱን አወጣሁ። ክሩን ግራ እጇ አንጓ ላይ አሰርኩት። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። አክስቴ አየችኝ፤ አንገቷን ብቻ ደፋች። ከዚያ ነጩ ጨርቅ እጇንም ክሩንም ሸፈናቸው።

የነፍስ አባታችን ገቡ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲያጎነብሱ በስሱ ጨርቅ ሥር የቀላ ነገር አዩና ቆሙ።

«ይህ ቀይ ምንድን ነው?»

እንዲያወልቁት ቢያዝዙ ምን እንደምላቸው እያዘጋጀሁ ነበር። መላእክት እናት የላቸውም ያሉት እሳቸው ናቸው።

«ምልክቷ ነው፣ አባ» አልኩ። «ልጅቱ እንድታውቃት።»

በትራቸውን ለአክስቴ ሰጡ። በጉልበታቸው ወረዱ። የመግነዙን መታጠፊያ ፈልገው ከፈቱና የክሩን ጫፍ ይዘው ወደ ውጭ ሳቡት። ቀዩ ክር በነጩ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ውስጥ ከዋለ በምን ታየዋለች?» አሉ።

ላነሣቸው እጄን ስሰጣቸው አልተነሡም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ነው የተናገሩት።

«ያን ዕለት ገና ሙቅ ነበረች» አሉ። «ይህ እጅ ያውቀዋል።»

ከዚያ ተነሥተው ጸሎቱን ከመጀመሪያው አነበቡ። እናቴ ቅጽሩ ውስጥ፣ ለጽዱ በሚቀርበው የአጥር ጥግ ተቀበረች። ጉም ወርዶ ነበር፤ ሰው ሲመለስ ኮቴው እንጂ መልኩ አይታይም። እኔ ወደኋላ ቀረሁ። እናቴ ከጽዱ ሥር ያለበሰችኝን ባና አወለቅሁና ቀዩ ጥግ በውጭ በኩል እንዲታይ አዙሬ መልሼ ደረብኩት።